ከሚወዱት ደራሲ ለሚወዱት ሰው፦ በበዓል መጽሐፍ ስለ መስጠት

በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ሰፈሮች፣ በሳልሚያና በሐወሊ፣ በፈርዋኒያና በኸይጣን፣ በስተ ደቡብም እስከ መንገፍና እስከ ፈሐሒል ድረስ ተበትናችሁ ለምትኖሩ ወገኖቻችን የዛሬውን ትምህርታዊ ዝግጅት የምናቀርበው ስለ አንድ የበዓል ገጸ በረከት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከልቡ የሚወደውን ደራሲ ሥራ ለወዳጁ በበዓል ቀን ለማበርከት ባሰበ ጊዜ፣ ከዚያ ደራሲ መጻሕፍት የትኛውን ለየትኛው ሰው መምረጥ እንደሚገባው የሚመለከት ነው።

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ኩዌት በሥራ ላይ ናት፤ እንቁጣጣሽም እንዲሁ ነው፤ ዒድ አል ፈጥርና ዐረፋ አገሩ በሙሉ የሚያርፍባቸው ቀናት ቢሆኑም፣ በሰው ቤት ለምታገለግል እኅታችን እንግዳ የሚጎርፍባቸውና ሥራ የሚጸናባቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓሉን የሚያከብረው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ሳይሆን ቀጥሎ በሚመጣው ዓርብ፣ ኦፍ፣ ማለትም የዕረፍት ቀን፣ ያላቸው ሁሉ በአንድ ጓደኛ ቤት ተሰብስበው፣ ክርስቲያኑ ከጸሎት መልስ፣ ሙስሊሙም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶና ዳቦ ተቆርሶ ነው። በዚያች ዕለት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ሽቶና ልብስ፣ አቅም ላለውም ወርቅ ነው፤ ወደ አገር ቤት በካርጎ የሚታጨቀውም ያው ብርድ ልብስና ስልክ ነው። በላብ የተገዙ ናቸውና እነዚህን የምንነቅፍበት አንደበት የለንም። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ከዚህ ጉባኤ መጥፋቱን ባየን ቁጥር እናዝናለን፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በሌላ ሰው ቋንቋ ሲጠራና ሲታዘዝ ለሚውል ሰው፣ ክፍሉን ዘግቶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ገጽ ማንበብ ምን ያህል ዕረፍተ ነፍስ እንደሚሰጥ የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋልና።

መጽሐፍን ገጸ በረከት ማድረግ ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። አበው ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው ያስጻፉትን ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ለደብር በሰጡ ጊዜ፣ የሰጪውን ስም ከነቤተ ሰቡ በመጽሐፉ ዳር ያስጽፉ ነበር፤ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውንም በውግዘት ያስሩት ነበር። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍት ሰደውላቸዋል፤ ከአገሩ ርቆ በስደት የሚቀመጥ ወገን ከቀለቡና ከልብሱ ጋር የቋንቋው መጽሐፍ እንደሚያስፈልገው ንጉሡ በዚያ ዘመን ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን መስጠቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጥበብ የሚያስፈልገው በመምረጡ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚወደውን ደራሲ ከወዳጁ ጋር ለማስተዋወቅ በተነሣ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው፣ እርሱን ራሱን በወጣትነቱ እንቅልፍ ነሥቶ ወዳሳደረው ወይም ወዳስለቀሰው መጽሐፍ ነው፤ ተቀባዩ ግን ሌላ ዕድሜ፣ ሌላ ኀዘን፣ ሌላም የጊዜ ልክ ያለው ሰው ነው፤ መጽሐፉም በሰጪው ልብ ውስጥ የሠራውን ሥራ በተቀባዩ ልብ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። እንግዲህ የእኛ ምክር እንዲህ ነው፤ ደራሲውን በራሳችሁ ፍቅር ምረጡ፤ መጽሐፉን ግን በተቀባዩ ኑሮ ምረጡ። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላልና፣ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ደራሲ ይዘን መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነሣን ብንመረምር ይሻላል።

የምትወደው ደራሲ ማን ነው ተብሎ ለተጠየቀ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ አፉ ላይ የሚመጣለት ብዙ ጊዜ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ስም ነው። እኒህ ሰው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባለው ስፍራ ተወልደው፣ በአብነት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቀስመው፣ ኋላም ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው፣ በየተራውም መምህር፣ አርበኛ፣ ምርኮኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው ከኖሩ በኋላ በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል። ስማቸውን ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠራው በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢሆንም፣ ከእርሱ በፊት በ1948 «ተረት ተረት የመሠረት»ን፣ ከእርሱ በኋላም በ1974 «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 «የልምዣት»ን፣ በ1985 ደግሞ «ትዝታ»ን አበርክተዋል። ስለዚህ የሐዲስ ወዳጅ የሆነ ሰው ለገና ከእኒህ ደራሲ አንዱን ለመስጠት ሲያስብ፣ እጁ ያለ አንዳች ማውጠንጠን በታላቁ መጽሐፍ ላይ እንዲያርፍ አንወድም።

በርግጥ ለተገቢው ሰው ሲሰጥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል ገጸ በረከት ያለ አይመስለንም። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረኩት ጊዜ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በጆሮው አንብቦታል፤ ያም ትረካ እስከ ዛሬ በስልክ እየተሰማ ነው፤ የኩዌትም እኅቶቻችን ልብስ ሲተኩሱና ወጥ ሲሠሩ በአንድ ጆሯቸው ሰክተው ሲሰሙት እናውቃለን። እንዲህ ያለችው ሴት መጽሐፉን በእጇ የያዘች ዕለት፣ ከታሪኩ ሰዎች አንዱ የሆነው ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥር የምትሰማው ያንኑ የለመደችውን ድምፅ ነው፤ ከድምፁም ጋር ትረካውን አብረዋት ያደመጡት ሰዎች፣ የሚያደምጡበትም ቤት ይታወሷታል። በዚህ ላይ ደግሞ ባለ ታሪኩ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ነው፤ ፍቅራቸውም የበቀለው መጽሐፍ በመካከላቸው ተዘርግቶ፣ አንዱ መምህር ሌላይቱ ተማሪ ሆነው ነው። ከቤቱ ባለቤቶች የሚልቅ ዕውቀት ይዞ፣ ነገር ግን በትውልዱና በድኽነቱ ምክንያት ዝቅ ተደርጎ እየታየ በሰው ቤት መኖር ምን እንደሆነ በገዛ ሕይወቱ የሚያውቅ አንባቢ በኩዌት ጥቂት አይደለም፤ ሐዲስም ያንን ስሜት የጻፉት ከውስጡ ገብተው ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከ500 ገጽ የሚበልጥ ነው፤ ፍጻሜውም እጅግ የከበደ ኀዘን ነው። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ በኮንትራት ለመጣችና ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ለራሷ ለምታገኝ ልጅ፣ ያን የመሰለ ወፍራም መጽሐፍ መስጠት ደስታ ከመሆን ይልቅ በትራስጌዋ ተቀምጦ ሁልጊዜ «አልጨረስሽኝም» እያለ የሚወቅሳት ዕዳ ጠያቂ መስጠት ይሆናል። ለእርሷ ከዚያው ደራሲ «ተረት ተረት የመሠረት» ይሻላታል፤ ተረቱ አጭር ነው፤ አንዱን በአንድ ሌሊት ጨርሳ መብራቱን ታጠፋለች፤ በማግሥቱም ከሌላው ትጀምራለች። ትልቁን መጽሐፍ ከዓመት በኋላ ራሷ ትጠይቃችኋለች።

«ትዝታ» ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ሐዲስ በወጣትነታቸው፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከራስ እምሩ ጋር በሰሜን ጦር ግንባር ዘምተው፣ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶችም ለዓመታት በግዞት ቆይተው፣ ነፃ የወጡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ጣልያንን በወጋ ጊዜ ነው። በሹፌርነት ወይም በዘበኝነት 20 ዓመት ያህል በዚህ አገር የኖረ፣ የልብ ወለድ ታሪክ የማይጥመውና «እውነተኛ ታሪክ ካለ አምጡልኝ» የሚል አንድ ጎልማሳ ቢኖራችሁ፣ ባሕር በከበበው ስፍራ፣ ቋንቋው በማይገባ ሕዝብ መካከል ስለ አገሩ ሲያስብ የኖረን ሰው ኑሮ የሚነግረውን ይህን መጽሐፍ ስጡት። ከዚህም የተነሣ ልብ ወለዱን ሊፈልግ ይችላል፤ ደራሲውን አስቀድሞ በሰውነቱ አውቆታልና። «ወንጀለኛው ዳኛ»ና «የልምዣት» ግን ሐዲስን አስቀድሞ አንብቦ ለጠገበ፣ «ሌላስ ምን ጻፉ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሆኑ ናቸው።

በሐወሊ፣ አምስት ሆነው አንዲት ክፍል በተከራዩ እኅቶች ቤት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ አንድ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ አይቻለሁ። ጀርባው ከመገንጠሉ የተነሣ በካርጎ ካርቶን ማሸጊያ ቡናማ ፕላስተር ተጠፍንጓል፤ ሽፋኑ ላይ የቡና ስኒ ክብ ምልክት አለ፤ በመጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ ያነበቡት ሴቶች ስማቸውን በየተራ፣ አንዳንዱ በእስክርቢቶ፣ አንዳንዱ በእርሳስ፣ አንዱም በዐይን ኩል ጽፈውበታል። ከመጨረሻው ምዕራፍ ወረቀቶች ጥቂቱ ጠፍተዋል። «ታዲያ ፍጻሜውን እንዴት ታነቡታላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ፣ የቤቱ ታላቅ የሆነችው ሴት፣ «እዚያ የደረሰችውን እኔ እነግራታለሁ፤ ከሬዲዮ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለችኝ። ለዚያ ቤት ለመጪው ገና ሊሰጥ የሚገባው ስጦታ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን የምናውቀው ነው፤ አዲስ ደራሲና አዲስ አርእስት ከመፈለግ ይልቅ ያንኑ መጽሐፍ፣ ምሉዕ ሆኖ፣ በአዲስ ኅትመት መስጠት ነው። የወደዱትን መጽሐፍ ደግሞ መስጠት የሰጪው ስንፍና የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ አስተዋይነት አላውቅም።

ቀደም ብለን የተቀባዩን የጊዜ ልክ አንሥተን ነበርና በእርሱ ላይ ጥቂት እንጨምር። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ቁጥር 68 ሕግ ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍት ቀን ደንግጓል፤ የቀኑም ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ በሁሉም ቤት እኩል እንደማይፈጸም የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ነገር ግን በሙሉ ተፈጽሞ እንኳ፣ ከ12 ሰዓት ድካም በኋላ የሚተርፈው ዐይን ስንት ገጽ ሊያነብ እንደሚችል ሰጪው ሊያስብበት ይገባል። ስለዚህ ፊደሉ የደቀቀውን ኅትመት አትግዙ፤ ከተቻለ ምዕራፉ አጭር የሆነውን ምረጡ፤ መጽሐፉም ከእጅ ቦርሳ የሚገባ ቢሆን ይመረጣል፤ ማዳም ልጆቿን ከትምህርት ቤት እስክታመጣ ወይም ባለ ቤቶቹ ከግብዣ እስኪመለሱ በመኪና ውስጥ የሚጠበቅበት ጊዜ ለብዙ ሰው ብቸኛው የንባብ ሰዓት ነውና።

አሁን ወደ ሌላ ደራሲ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። የበዓሉ ግርማ ወዳጆች ብዙ ናቸው፤ ፍቅራቸውም ብርቱ ነው። በዓሉ በኢሉባቦር ተወልደው፣ በጋዜጠኝነት ሠርተው፣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «የኅሊና ደወል»ን፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን፣ «ደራሲው»ንና «ሐዲስ»ን ከጻፉ በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጡ፤ መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ እርሳቸውም ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። ይህ ታሪክ «ኦሮማይ»ን በሁሉ ዘንድ ተፈላጊ አድርጎታል፤ ስጦታ ሲታሰብም አስቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በደርግ ዘመን በኤርትራ ምድር ስለ ተደረገው ጦርነት፣ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። በዚያ ጦርነት ወይም በኋላ በመጡት ጦርነቶች አባት ወይም ወንድም የጠፋባት ሴት፣ ሬሳ ሳይታይ፣ ልቅሶውም በወጉ ሳይለቀስ የቀረ ኀዘን ይዛ በኩዌት ልትኖር ትችላለች። በበዓል ቀን፣ በጓደኞች ፊት፣ ያ መጽሐፍ በድንገት በእጇ ሲቀመጥ፣ ሰጪው ያላሰበውን ቁስል ይነካል። ይህን ስንል መጽሐፉ አይነበብ ማለታችን አይደለም፤ ኀዘንተኛም ሰው ያንን ታሪክ ለማንበብ የሚሻበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚወስነው ግን እርሱ ራሱ ነው፤ ሰጪው በአበባና በወረቀት ጠቅልሎ ሊወስንለት አይገባም። አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካልሆነም ከዚያው ደራሲ ሌላ አለ፤ በአገር ቤት መምህር ለነበረ፣ ዛሬም በኩዌት በሌላ ሥራ ተሰማርቶ ጠመኔውን ለሚናፍቅ ሰው፣ ወደ ገጠር ስለ ዘለቀ ወጣት መምህር የሚተርከው «ሐዲስ» አለለት፤ ሥዕል ወይም ዜማ በውስጡ እያለ ለእንጀራ ሲል በሌላ ሥራ ለተያዘው ደግሞ «ከአድማስ ባሻገር» አለለት።

የሚወደው ደራሲ የውጭ አገር ሰው የሆነበትም አለ። ለእንዲህ ያለው ወዳጅ ከትርጕም ሥራዎች መካከል ነቢይ መኮንን ከማርጋሬት ሚቸል ወደ አማርኛ የመለሱትን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን እናስታውሳለን። ነቢይ ይህን ታላቅ መጽሐፍ የተረጐሙት በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳሉ፣ ወረቀት በማጣታቸው 3,000 በሚያህል የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፉ ነው፤ ጽሑፉም በጥቂት በጥቂቱ በድብቅ ወጥቶ ኋላ ለኅትመት በቃ። መጽሐፉን ስትሰጡ ይህን ታሪክ በቃላችሁ አብራችሁ ንገሩ፤ «ለማንበብ ቦታም ጊዜም የለኝም» የሚል ሰው ይህን ከሰማ በኋላ መጽሐፉን የሚገልጠው በሌላ ልብ ነው።

በሳልሚያና በጀብሪያ ከነቤተ ሰባቸው የሚኖሩት ወገኖቻችን ጭንቀት ደግሞ የልጆቻቸው ነገር ነው። ልጆቹ ትምህርታቸው በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነውና፣ አማርኛውን ቢሰሙትም ፊደሉ አይገባቸውም። ለእነርሱ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» የመሰለ የለም፤ ምሳሌዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም ቤት እየመቱ ስለሚሄዱ አባት ወይም እናት ከፍ ባለ ድምፅ ሲያነቡላቸው ልጆቹ ቃሉን ሳያውቁት በአፋቸው ይይዙታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ስጦታ ለልጁ የተሰጠ ቢመስልም የሚያነበው ወላጁ ነው፤ ስለዚህ ለልጅ መጽሐፍ ስትሰጡ ለወላጁ ጊዜ እየጠየቃችሁ ነው። ለአባትየው ከዚያው ከከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ቢጨመርለት፣ አባትና ልጅ የአንድ ደራሲ አንባቢዎች ይሆናሉ።

ስጦታው ከዚሁ ከኩዌት ደራሲያንም ሊመረጥ ይችላል። ኩዌትን በነዳጇ ብቻ የሚያውቃት ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ይህች አገር በዐረቡ ዓለም የመጻሕፍት አገር ናት፤ በታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. የጀመረችው «አል ዐረቢ» መጽሔት ከባግዳድ እስከ ራባት ተነብባለች፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጡት የ«ዓለም አል መዕሪፋ» መጻሕፍት ታላላቅ የዕውቀት ሥራዎችን በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ አዳርሰዋል፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኩዌት ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይም ብዙውን ጊዜ በኅዳር ወር በሚሽሪፍ ይከፈታል። ዓርብ ዕለት ኦፍ ያላችሁ፣ ከገበያ ማዕከሉ ይልቅ አንድ ጊዜ ወደዚያ ብትሄዱ እንወዳለን። ለዓመታት በዚህ አገር ኖሮ ዐረብኛ ማንበብ ለቻለ ወዳጃችሁ ከኩዌት ደራሲያን አንዱን፣ ሰዑድ አል ሰንዑሲን ስጡት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የዐረብኛ ልብ ወለድን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘው «ሳቅ አል ባምቡ» የተባለው መጽሐፉ፣ ከኩዌታዊ አባትና በዚያው ቤት ሠራተኛ ከነበረች ፊሊፒናዊት እናት ስለ ተወለደ ልጅ የሚናገር ነው። አንድ የአገሩ ልጅ፣ የገዛ አገሩ ቤቶች የቤት ሠራተኛንና ልጇን እንዴት እንደሚያዩ በዚህ ያህል ድፍረትና ርኅራኄ መጻፉን ማንበብ፣ በእነዚያው ቤቶች ለሚሠራ ሰው የሚያጽናና ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛም ተመልሷል።

ስጦታው በሌላውም መንገድ ሊሄድ ይችላል። አንዳንዶቻችሁ ያሳደጋችኋት የቤቱ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ በዒድ ቀን ልብስና ገንዘብ ትሰጣችኋለች፤ እናንተም በተራችሁ የምትሰጧት ነገር ያጥራችኋል። እንግሊዝኛ የምታነብ ከሆነች የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» አስቡላት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ከሆኑት መካከል የነበረው ይህ መጽሐፍ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን በአንድ ቤት አገልጋይ ስለ ነበረችና ኋላ ስለ ዘመተች ልጅ ይተርካል። ጦርነቱንና ግፉን ሳይሸፍን የሚገልጥ ስለሆነ ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅ አይሆንም። ያሳደገቻት ሴት ከምን ዐይነት አገርና ከምን ዐይነት ሴቶች እንደመጣች ለምታነብ ወጣት ግን፣ እኛ በአፋችን ልንነግራት ያልቻልነውን ይነግራታል።

በመጨረሻ ስለ አገኛኘቱ። የአማርኛ መጽሐፍ በኩዌት በቀላሉ አይገኝም፤ የሚመጣው ባብዛኛው ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ደርሶ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ለገና የምትፈልጉትን እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ አሳዝዙ፤ ሻንጣ የሚይዘው ኪሎ የተወሰነ ነውና በአንድ ሰው ላይ ሦስት ወፍራም መጻሕፍት አትጫኑ፤ ለተለያዩ መንገደኞች አንድ አንድ አከፋፍሉ። የገናው ካልደረሰላችሁ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው፤ ስጦታው ስለ ዘገየ አይነቅፋችሁም። መጽሐፉ ከእጃችሁ ሲገባ፣ ከመጠቅለላችሁ በፊት ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጡ፤ ገጽ የተደገመበት ወይም የተዘለለበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ በስርቆት የታተመ ቅጂ በገበያ ላይ አለ፤ የጎደለ መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ደራሲውና ወራሾቹም ከእንዲህ ያለው ኅትመት ሳንቲም አያገኙም።

ወደ አገር ቤት ስጦታ የምትልኩ ደግሞ ከዚህ መጽሐፍ ለመላክ አትድከሙ፤ በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ ወይም በለገሃር አካባቢ ካሉት መጻሕፍት ቤቶች የሚገዛላችሁ ዘመድ ፈልጉ፤ የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን አርእስት በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩለት፤ ሻጩ «እሱ የለም፤ ይሄ ይሻላል» ብሎ ሌላ እንዳይሰጠው፣ ያ ከጠፋ የትኛውን ሁለተኛ እንደምትመርጡ ጨምራችሁ ጻፉለት። መታሰቢያውንም በስልክ እየነገራችሁት በመጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ ይጻፍላችሁ፤ የተቀባዩ ስም፣ መጽሐፉን ለምን ለእርሱ እንደመረጣችሁ የሚገልጥ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ ከሥሩም የእናንተ ስምና «ከኩዌት» የሚለው ቃል ይበቃዋል።